አፑ ከሱቁ ወጥቷል፣ ከስልካችን ግን አልወጣም

የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲዘጉ አክስቴ ከልጇ ጋር ተቆራረጠች። ልጇ የምትሠራው ጅዳ ነው። ማታ ማታ የድምፅ መልእክት የምትልክላት በቴሌግራም ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ የጎረቤት ልጅ መጣና ቪፒኤን ጫነላት። የልጇ ድምፅ ተመልሶ ሲሰማ አክስቴ አለቀሰች። እኔ ስልኩን ተቀብዬ «ይሄ ነገር ደህና ነው? የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ቆጣ አለ። «ከፕሌይ ስቶር ነው ያወረድኩት እኮ!»

ብዙዎቻችን የምንለው ይህንኑ ነው። አንድ አፕ ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ላይ ካለ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው አይቶታል፣ መርምሮታል ብለን እናምናለን። ጎግልና አፕልም እንዲህ እንድናምን ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ይህ እምነት ዋጋ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ። እምነቱን የተቀበለ ሱቅ፣ የሸጠልን ዕቃ ችግር ያለበት ሆኖ ሲገኝ ሊነግረን ይገባል። አሁን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቪፒኤኑ ልጀምር፤ ምክንያቱም እኛን በጣም የሚነካን እሱ ነው። በዚያን ጊዜ እገዳው አምስት ወር ያህል ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ስለ ቪፒኤን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ጭኗል። ቪፒኤን ማለት ኢንተርኔት ላይ የምናደርገውን ነገር በሌላ ሰው ሰርቨር በኩል ማሳለፍ ነው። ቴሌው የምንሄድበትን እንዳያይ እናደርጋለን። በምትኩ የቪፒኤኑ ባለቤት ያያል። ስለዚህ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማወቅ የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ ለእኛ አዲስ ስም አይደለም። በ2014 እና በ2017 በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ላይ የተቃጣውን የስለላ ሶፍትዌር ያጋለጠው ይኸው ተቋም ነው። በኦገስት 2025 ደግሞ ስለ ታዋቂ ቪፒኤኖች አንድ ጥናት ይፋ አደረገ። ተመራማሪዎቹ የተለያዩ የሚመስሉ ኩባንያዎችን አፖች ከፍተው ውስጣቸውን አዩ። በስም የተለያዩት ኩባንያዎች በሦስት ቤተሰብ ተቧድነው ተገኙ። ኮዳቸው ይመሳሰላል፤ ሰርቨርም ይጋራሉ። የሦስቱ ቤተሰቦች አፖች ከጎግል ፕሌይ ከ700 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርደዋል። ቱርቦ ቪፒኤን፣ ቪፒኤን ፕሮክሲ ማስተርና ስናፕ ቪፒኤን በአንዱ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው።

የከፋው ግን ዝምድናቸው አይደለም። በብዙዎቹ ላይ መረጃውን የሚቆልፈው የይለፍ ቃል አፑ ውስጥ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ለሁሉም ተጠቃሚ ያው አንድ ነው። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያሉ በሮች በሙሉ በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ናቸው እንበል፤ ቁልፉም ለጠየቀ ሁሉ በነጻ የሚታደል። አፑን አውርዶ ኮዱን ማንበብ የሚችል ሰው ቁልፉን ያገኛል። ከዚያ በኋላ በዋይፋዩ ወይም በኔትወርኩ መሐል የተቀመጠ ሰው የቪፒኤኑን መቆለፊያ መፍታት ይችላል። ባንክንና ኢሜይልን የመሰሉ ድረ ገጾች የራሳቸው ሌላ መቆለፊያ አላቸው፤ እሱ አይፈታም። ነገር ግን ሰው ቪፒኤን የጫነው የት የት እንደሚሄድ እንዳይታይበት ነበር። ያ ጥበቃ የለም ማለት ነው።

የይለፍ ቃልን ኮድ ውስጥ አለመጻፍ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚማረው ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ያወጡት በጣም የረቀቀ ምስጢር አልነበረም። አፖቹ ያሉት በጎግል ሰርቨር ላይ ነው። ጎግል እያንዳንዱን አፕ በማሽን ይፈትሻል። ይህን ለማየት ከጎግል የተሻለ ዕድል ያለው ማንም የለም።

ስለ ባለቤትነቱም ቢሆን ቴክ ትራንስፓረንሲ ፕሮጀክት የተባለ የአሜሪካ ተቋም በኤፕሪል 2025 ሌላ ምርመራ አውጥቶ ነበር። በአሜሪካው አፕ ስቶር ከፍተኛ ቦታ ከያዙት 100 ነጻ ቪፒኤኖች ከ20 በላይ የሚሆኑት ባለቤቶቻቸው ቻይናውያን ሆነው ተገኙ። አንዳንዶቹም በ2020 የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ገደብ ከጣለበት ኪሁ 360 ከተባለ ኩባንያ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። የቻይና መሆኑ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ችግሩ፣ አፑን የሚጭነው ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው።

«ታዲያ ሱቁ ምን አገባው? አፑን የሠራው ሌላ ሰው ነው» የሚል ሰው አለ። መርካቶ ውስጥ ቦታ የሚያከራይ ሰው ተከራዩ በሸጠው ዕቃ አይጠየቅም ይባላል። ንጽጽሩ ግን አይሠራም። አፕልና ጎግል ከክፍያው እስከ 30 በመቶ፣ ከትንንሾቹ ገንቢዎች (አፕ ሠሪዎች) ደግሞ እስከ 15 በመቶ ይወስዳሉ። አፑን አይተው ያጸድቃሉ ወይም ይጥላሉ። በፍለጋ ውጤት ላይ የትኛው ከላይ እንደሚወጣ ይወስናሉ። አይፎን ላይ ደግሞ፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከጥቂት አገሮች ውጭ፣ ከአፕ ስቶር በቀር ሌላ በር የለም። አፕል በሩን የዘጋበትን ምክንያት ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ ደኅንነት ነው። ደኅንነትን ለብቸኛ በርነት ምክንያት አድርጎ ያቀረበ፣ በዚያ በር ለገባው ነገር መጠየቅ አለበት።

ሥራ አይሠሩም ማለቴ አይደለም። አፕል በ2024 ከገቡለት 7.7 ሚሊዮን የአፕ ማመልከቻዎች 1.9 ሚሊዮኑን ውድቅ አድርጓል። ጎግል በዚያው ዓመት 2.36 ሚሊዮን አፖች ፕሌይ ስቶር ላይ እንዳይወጡ አግዷል፤ ከ158,000 በላይ የገንቢ አካውንቶችንም ዘግቷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ያለ እሱ ስልኮቻችን አይያዙም ነበር።

ምርመራው ግን ምን ያህል ጥልቅ ነው? በ2021 የጨዋታ አፕ ሠሪው ኤፒክ ጌምስ አፕልን ከሶ በተካሄደው ችሎት ላይ አንዳንድ ነገሮች ወጡ። አፕል በወቅቱ ከ500 በላይ መርማሪዎች ነበሩት። በሳምንት ወደ 100,000 አፖች ያያሉ። ሒሳቡን ብንሠራው ለአንድ ሰው በሳምንት 200 አፕ፣ በቀን 40 ይደርሰዋል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ለአንዱ አፕ 12 ደቂቃ ማለት ነው። ማሽን እንደሚያግዛቸው የታወቀ ነው። ቢሆንም በ12 ደቂቃ ውስጥ አንድ አፕ መረጃችንን ወዴት እንደሚልክ ማወቅ አይቻልም። በዚያው ችሎት የአፕል የማጭበርበር መከላከያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኤሪክ ፍሪድማን የጻፈው የውስጥ መልእክትም ቀርቧል። የአፕ ምርመራውን የሚያመሳስለው በሃዋይ አየር ማረፊያ የአበባ ጉንጉን ይዛ እንግዳ ከምትቀበል ሴት ጋር ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ ከሚያነፈንፍ ውሻ ጋር እንዳልሆነም ይጽፋል። ይህን ያለው የኩባንያው ተቃዋሚ ሳይሆን የራሱ ሰው ነው።

አፑ ሥር «የሚሰበስበው መረጃ» የሚለውን ክፍል አይታችሁት ይሆናል። አፕል በ2020 መጨረሻ፣ ጎግል ደግሞ በ2022 ያመጡት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን የሚሞላው ራሱ ገንቢው ነው። ጎግል ለትክክለኛነቱ ተጠያቂው ገንቢው ብቻ ነው ይላል። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በ2023 ፕሌይ ስቶር ላይ በብዛት ከሚወርዱት 40 አፖችን ወስዶ፣ እዚያ የተጻፈውን ከራሳቸው የግላዊነት ፖሊሲ ጋር አስተያየ። 80 በመቶ በሚጠጉት ላይ ሁለቱ አልገጠሙም። ዘይት ነጋዴው ጠርሙሱ ላይ የፈለገውን ጽፎ ሱቁ ሳያየው ሲደረድርለት እንደማለት ነው። ገዢው ጽሑፉን አንብቦ ይተማመናል፤ ምክንያቱም ያነበበው በሱቁ ገጽ ላይ፣ በሱቁ ፊደልና ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጭራሹን ባይኖር ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ማንም ምርመራ ሁሉንም አይዝም፤ ይህን እቀበላለሁ። አንድ አፕ አደገኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ነው ሱቆቹ በጣም የሚያሳዝኑት።

በጁላይ 2025 «ቲ» የተባለ አፕ በአሜሪካው አፕ ስቶር በነጻ አፖች ዝርዝር አንደኛ ወጥቶ ነበር። ሴቶች ስለሚተዋወቋቸው ወንዶች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ነው። ለመግባት ሴት መሆንን ለማረጋገጥ ፎቶ ይጠይቅ ነበር፤ ከተረጋገጠ በኋላ ፎቶው ይሰረዛል ተብሎ ነው። አልተሰረዘም። ፎቶዎቹ ያለ መቆለፊያ የተቀመጡበት ቦታ ተገኘና 72,000 ምስሎች ወጡ። ከእነዚህ 13,000 የሚሆኑት የሴቶቹ ሰልፊና መታወቂያ ናቸው። ሰው ስሙን ሳይገልጽ በሚለጥፍበት ፎርቻን በተባለ ድረ ገጽ ላይ ተለጠፉ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የግል መልእክቶችም ተጋልጠው ተገኙ። ስለ ፅንስ ማቋረጥ፣ ስለ ትዳር መማገጥ የተጻፉ ነበሩባቸው።

አፕል አፑን ያነሳው በኦክቶበር ነው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ። በመሐሉ ዜናውን ያልሰማች ሴት አፑን ከሱቁ እያወረደች ፎቶዋን መስጠት ትችል ነበር። አፑ በተነሳ ጊዜም አስቀድሞ የጫነችው ሴት ስልክ ላይ እንዳለ ቀርቷል። አፕ ከሱቅ ሲነሳ ከስልክ አይነሳም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

የቆየ ታሪክም አለ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣኝ እሱ ነው። በ2015 ቻይና ውስጥ ብዙ ገንቢዎች የአይፎን አፕ መሥሪያውን ፕሮግራም፣ ኤክስኮድን፣ ከአፕል ሳይሆን ከሌላ ቦታ አወረዱ። ከአፕል ሰርቨር ማውረዱ ለእነሱ ቀርፋፋ ስለነበር ነው። ያወረዱት ተበርዞ ነበር። በእሱ የተሠራ አፕ ሁሉ፣ ገንቢው ሳያውቀው፣ ጎጂ ኮድ ይዞ አፕ ስቶር ገባ። የቻይናው ታዋቂ የመልእክት አፕ ዊቻት ሳይቀር ነበረበት። ኤክስኮድጎስት የሚባለው ይህ ነው። አፕል አፖቹን አነሳ። በ2021ዱ ችሎት የወጡ ኢሜይሎች እንዳሳዩት፣ የተበከሉትን አፖች ያወረዱት ሰዎች 128 ሚሊዮን መሆናቸውን አፕል ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ኃላፊዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው ኢሜይል እንላክ ወይ ብለው ተወያይተዋል። የቋንቋው ብዛትና እያንዳንዱ ሰው ያወረደውን አፕ ለይቶ መጥራት እንዳስቸገራቸውም ጽፈዋል። ድረ ገጹ ላይ አንድ ማብራሪያ ወጥቶ ነበር። ለሰዎቹ በግል ኢሜይል መላኩን ግን አፕል በኋላ ለጠየቁት ጋዜጠኞች ማሳየት አልቻለም።

128 ሚሊዮን ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ምን እንዳወረደ ታውቃለህ። የኢሜይል አድራሻው አለህ። የክፍያ ደረሰኝ ስትልክለት ኖረሃል። ይህን ለመንገር ግን ከበደህ።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደረጃውን ያልጠበቀ ዘይት ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ሲያገኝ የምርቱን ስም ዘርዝሮ ሕዝቡ እንዳይጠቀም ያስታውቃል። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ይነገራል። ማን እንደገዛው ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይናገራል። አፕ ስቶርና ፕሌይ ስቶር ግን ገዢውን በስም ያውቁታል። አንድ መስመር መልእክት ይበቃል፦ «በዚህ ቀን ያወረዱት አፕ የሰዎችን መረጃ ስላጋለጠ አንስተነዋል፤ ስልክዎ ላይ ካለ ያጥፉት፤ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ።» በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም። ጎግል ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባል አለው፤ ቫይረስ ያለበት አፕ ስልካችን ላይ ሲያገኝ ያስጠነቅቃል። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ቫይረስ ሳይኖረው መረጃችንን ለሚሸጥ ወይም ሳይቆልፍ ለሚያስቀምጥ አፕ ይህ ደወል አይሠራም። አብዛኛው ጉዳት ደግሞ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሲፈልጉ እንደሚችሉ አይተናል። በ2020 መጨረሻ ሙስሊም ፕሮ የተባለው የሶላት ሰዓት አፕ፣ ኤክስ ሞድ ለሚባል ድርጅት የተጠቃሚዎቹን መገኛ ቦታ ሲሰጥ መቆየቱ ተጋለጠ። ኤክስ ሞድ መረጃውን ለአሜሪካ ጦር ሥራ ተቋራጮች ይሸጥ ነበር። አፑ በወቅቱ 98 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ወርዶ ነበር። ነገሩ በተሰማ በሳምንታት ውስጥ አፕልና ጎግል ገንቢዎችን ሁሉ የኤክስ ሞድን ኮድ ከአፖቻቸው አውጡ ብለው አዘዙ። አደረጉት። አንድ ጋዜጠኛ እስኪጽፍ ለምን ተጠበቀ የሚለው ግን ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ልክ አይሆንም። ሱቆቹ ኃላፊነት ይብዛባቸው ስንል ሥልጣናቸውም ይበዛል። አፕል በ2017 ከቻይናው አፕ ስቶር፣ በ2024 ደግሞ ከሩሲያው ላይ ቪፒኤኖችን አንስቷል፤ መንግሥታቱ ስለጠየቁ ነው። እኛም ቪፒኤን የፈለግነው ሲዘጋብን ነበር። ስለዚህ የምለው ኃላፊነት ስለ ይዘት አይደለም። ማን ምን ይናገር የሚለውን ሱቅ አይወስንልን። የምለው ሊመረመር ስለሚችል ነገር ነው። መረጃው ተቆልፏል ወይስ አልተቆለፈም? የተጻፈውና የሚደረገው ይገጥማሉ? ባለቤቱ ማን ነው? ለተጎዳው ሰው ተነግሮታል ወይ?

ሕጉ በዚህ ላይ ገና ደካማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰክሽን 230 የሚባል የ1996 ሕግ አለ። ሌላ ሰው ላወጣው ነገር መድረኩን ከተጠያቂነት ይከላከላል። አንዲት ተጠቃሚ ሐሰተኛ የክሪፕቶ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) ከአፕ ስቶር አውርዳ ገንዘቧን አጣች። አፕልን ብትከስም ፍርድ ቤቱ ይህን ሕግ ጠቅሶ ክሱን በ2022 ዘጋባት፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በ2024 አጸናው። አውሮፓ የተሻለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ሱቆቹ ሻጩ ማን እንደሆነ እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል። አፕልም በፌብሩዋሪ 2025 ማንነታቸውን ያላሳወቁ ገንቢዎችን አፖች ከአውሮፓው ሱቁ አነሳ። ሕግ ሲመጣ ይቻላል ማለት ነው። ጎግልም ከ2026 ጀምሮ በጥቂት አገሮች፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ በሌሎቹ የገንቢዎችን ማንነት አረጋግጣለሁ ብሏል።

እኛ ዘንድ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓ.ም.) ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ መረጃ ሰብሳቢውን ይመለከታል። ሱቁን ግን በስም አያነሳም። እዚህ አገር ላይ ደግሞ ሌላም ችግር አለ። ብዙ ሰው አፕ የሚጭነው ከሱቅ ሳይሆን ቴሌግራም ላይ ከተለጠፈ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ወይም ከጓደኛው ስልክ በዤንደር ነው። ዳታ ውድ ነው፤ ሰው አይወቀስም። ጎግል ከኢንተርኔት በቀጥታ በሚጫኑ አፖች ላይ ያገኘው ጎጂ ኮድ ከፕሌይ ስቶሩ ከ50 እጥፍ እንደሚበልጥ ተናግሯል። ስለዚህ «ከፕሌይ ስቶር አውርዱ» የሚለው ምክር አሁንም ትክክል ነው። እኔም ለሰው የምለው ይህንኑ ነው። ለዚህም ነው ሱቁ ምክራችንን የሚመጥን እንዲሆን የምፈልገው።

ባለፈው ወር አክስቴ ዘንድ ስሄድ ስልኳን ተቀበልኩ። ፕሌይ ስቶርን ከፍቼ፣ ፎቶዋን ነክቼ፣ የተጫኑትን አፖች ዝርዝር አየሁ። ሦስት ቪፒኤን ነበረባት። አንዱን ስፈልገው ፕሌይ ስቶር ላይ ጭራሽ የለም። መቼና ለምን እንደተነሳ የሚገልጽ ነገር አላገኘሁም። ስልኳ ላይ ግን ከነፈቃዱ ተቀምጧል፤ ስልኩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ጀምሮ ማንም ምንም አልነገራትም። አንድ በአንድ አጠፋናቸው። ከዚያ ከልጇ የመጣውን የድምፅ መልእክት ከፈትንና አብረን ሰማን።